ለሞተው በሬ የመጣ ግብር

ያን ጊዜ ባሌ ሚሊሺያ ሆኖ ዘምቷል። ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር አራት ልጆች ይዤ እኖራለሁ፤ የመጨረሻዋ ገና ጡት አልጣለችም። ያለኝ አንድ በሬ ነው። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። እንደኔ ያለ ሰው ሌላ ባለ አንድ በሬ ፈልጎ ይቀናጃል፤ ጥማዱን በየተራ ያርሱበታል።

ጎረቤቴ ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት ነበረች። በሬ ስላልነበራት ከገበሬ ማኅበሩ በብድር ወሰደች። እኔ ዋስ ሆኜ አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ ነክሬ ፈረምኩ። ለእሷ ብቻ ብዬ አይደለም፣ በሬዋ ከበሬዬ ጋር እንዲጠመድልኝ ነው። ወንድሜ ለሁለታችንም አረሰ። የኔ ማሳ ነው የቀደመው። ልጆችሽ ይበዛሉ፣ ያንቺ ይቅደም ያለችው ራሷ ናት።

በዓመቱ ዝናቡ ቀረ። የኔ በሬ ከስቶም ቢሆን ተረፈ፣ የሷ ሞተ። ማኅበሩም ድርቁን አይቶ ዕዳውን ሰረዘልን። ያን ቀን እልል ብያለሁ።

ዝናብ ሲመለስ የየሰዉን ገቢ ገምተው ግብር የሚጥሉ ሰዎች መጡ። ከወረዳ የመጣው ሰውዬ መዝገቡን አገላብጦ፣ የተሰረዘ ዕዳ ገቢ ነው፣ በሬ በነጻ እንደማግኘት ይቆጠራል አለ። ገቢው ከፍ ያለ ሰው ግብሩም ከፍ ይላል። ከኋላችን ወረፋ የያዙ ሽማግሌ፣ "በቁሙ የገበረው አንሶ ሬሳውም ሊገብር ነው" ሲሉ ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ግብር ያልከፈለ እንደሚታሰር አውቃለሁ፤ ልጄ ጀርባዬ ላይ ናት። ብታሰር ማን ያጠባታል፣ ይህን ብቻ ነው የማስበው።

ሰውዬው የብድሩ ወረቀት ላይ የሁለት ሰው የጣት አሻራ አየ። ሁለታችንም ተጠቅመን ከሆነ ለሁለት ይከፈላል፣ አለዚያ በአንዷ ላይ ይጻፋል ብሎ ወደኔ ዞረ።

"በሬው ላንቺም አርሷል?"

"እኔ ዋስ ብቻ ነኝ ጌታዬ። አላረሰልኝም።"

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ያውቃል። ሳቁ ጠፋ። ሰውዬው ጎረቤቴን ጠየቃት።

"እውነቷን ነው፤ ዋስ ብቻ ናት" አለች። ቀና ብላም አላየችኝ።

ግብሩ እሷ ላይ ተጻፈ። ለመክፈል ሁለት ፍየሎቿን ጎብዬ ገበያ ወስዳ ሸጠች። ልጆቿ ይጠጡት የነበረው የፍየሎቹን ወተት ነበር።

አቤቱታ ማቅረቢያ ቀን ተሰጥቶ ነበር። እውነቱን ልናገር ብዬ ሁለት ጊዜ ጽሕፈት ቤቱ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። አሁን ደግሞ በመዋሸቴ ያስሩኛል ብዬ ፈራሁ። መጨረሻ ላይ ማሽላ በቁና ሰፍሬ ወሰድኩላት። ተቀበለችኝ፣ ግን ግቢ አላለችኝም። ደጃፏ ላይ እንደቆምን፣

"እቴ፣ ዋስ ብቻ ናት ያልኩት ለልጆችሽ ነው፤ እነሱን አላህ ያሳድጋቸው። ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ" አለችኝ።

እርሻ ሲደርስ የምቀናጀው ሰው ብፈልግ ሁሉም ቀድሞ ሰው ይዟል። ቢይዙም ባይዙም፣ ለኔ የሚሉኝ ይህንኑ ነው። በሬው ያለ ሥራ ሲቆም ጊዜ ሸጥኩት።

ባሌ ከዘመቻ ሲመለስ በሬው የት አለ ብሎ ጠየቀኝ። የሚቀናጀኝ አጥቼ ሸጥኩት አልኩት። ለምን እንዳጣሁ አልነገርኩትም።