የካትሌሆንጓ አንድ ፓውንድ

ቅዳሜ ጠዋት ከምኖርበት ሰፈር ከዱርንፎንቴን ወደ ካትሌሆንግ የተነሳሁት ለአንዲት ወረቀት ብዬ ነው። ድሮ በዚህ በምንኖርበት የሰው አገር ማዕከላዊ ባንክ ሳይኖር፣ የትንንሽ ከተማ ባንኮች የየራሳቸውን የወረቀት ገንዘብ ያሳትሙ ነበር። እኔ እነዚያን እሰበስባለሁ። ባለቤቴ "የሞተ ባንክ ብር ዳቦ አይገዛ!" እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። ከስብስቤ የጎደለችኝ የአንዲት ገጠር ከተማ አንድ ፓውንድ ነበረች፤ ስንት ዓመት ፈልጌ አጥቻታለሁ። ሐሙስ ዕለት ታዲያ መርክነህ ደወለ። መርክነህ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ካትሌሆንግ ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለው።

"ጋሼ፣ ያቺ የምትፈልጋት ተገኘች! አንዲት አሮጊት ደንበኛዬ ሻንጣ ሲያራግፉ አግኝተው ሰጡኝ።" ፎቶዋን ላከልኝ፤ ራሷ ናት።

"በናትህ መርክነህ፣ እንዳትበላሽ! እጅ አይንካት፣ ውሃ አይንካት" አልኩት።

መንገድ ላይ

ጊዜው ኮሮና ነው። ታክሲው መስኮቱን ከፍቶ ይበራል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ሁላችንም ማስክ አድርገናል። ሂሳቡ ግን እንደ ድሮው ከኋላ ወደ ፊት በእጅ በእጅ ይተላለፋል። ከፊቴ የተቀመጡ እናት ሳንቲሜን በሶፍት ይዘው ሲያሳልፉልኝ ሳቄ መጣ። ከማዕድን ጉድጓድ በወጣ አፈር የተከመረውን ቢጫ ኮረብታ አልፈን ጀርሚስተን ወረድኩ። የካትሌሆንግ ታክሲ እስኪሞላ ማግዊኛ በላሁ፤ ያው የኛ ቦምቦሊኖ ነው፣ ትኩሱ ጣት ያስቆረጥማል።

ካትሌሆንግ

መርክነህ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ሆኖ ሲያየኝ በደስታ ጮኸ። መጨባበጥ ቀርቷልና በክርን ተነካካን። ከዚያ ከባንኮኒው ሥር አወጣት፤ ታብረቀርቃለች።

ላሚኔት አስደርጓታል! ፕላስቲኩ ከወረቀቷ ጋር አንድ ሆኗል። በሙቀት የተጣበቀ ደግሞ አይላቀቅም፤ ለሰብሳቢ አለቀላት ማለት ነው።

"ፔፐሬን ያስደረግኩበት ቤት ነው የወሰድኳት" አለ፣ የጥገኝነት ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ እያሳየኝ። "ይኸው ስንት ዓመቱ! ዝናብም ፖሊስም አልጎዳውም።"

ከሁሉ አብልጦ የሚሳሳለትን ወረቀት በሚጠብቅበት መንገድ ነው የጠበቀልኝ።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ" አልኩት።

"ጌታ ይባርክህ ጋሼ። ክፍያ የሚባል እንዳታነሳብኝ!" አለና የቆርቆሮ ዓሣ በቲማቲም ሠርቶ በዳቦ አበላኝ። ለአሮጊቷ ዱቄት፣ ስኳርና ዘይት ገዝቼ እሱ ጋ ተውኩላቸው።

ቤት

ስገባ ባለቤቴ በር ላይ እጄን ሳኒታይዘር ረጨችኝ፤ እንደ ልማዷ የያዝኩትንም ረጨችው። "ኧረ ተይ!" ብዬ ጮህኩ። እሷ እቴ! በቀሚሷ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ወደ መብራቱ ይዛት ሄደች። ይሄን ሁሉ ዓመት ስሰበስብ አንዷንም አስነክቻት አላውቅም፤ የእጅ ወዝ ያበላሻል እላታለሁ።

"ውይ፣ ለካ እንዲህ ያምራሉ!" አለች።

አፈርኩም፣ ደስም አለኝ። አልበሜ ውስጥ ያሉት ጥሩ ዋጋ ያወጣሉ፤ ከእኔ በቀር ግን የሚያውቃቸው የለም። ይቺን ገበያ ባወጣት ማንም ዞር ብሎ አያያትም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን ከእጅ ወደ እጅ የምትዞረው እሷ ናት፤ አውጥታ የምታዞራትም ባለቤቴ ናት።