አቤት የማይባልበት መኪና

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ማርታ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን አሳፍራ እዚህ ሮም ውስጥ ከሰፈራችን ከቶር ፒኛታራ እስከ ኤስኲሊኖ ገበያ ነዳች። አንድ ሞተር ብስክሌት ከቀኝ በኩል ድንገት ሲሾልክብን ሳላስበው ስሟን ጠራሁ። «ኬ ቼ፣ ባባ?» አለችኝ፤ ምን ፈለግህ ማለቷ ነበር። ዓይኗን ግን ከመንገዱ አልነቀለችም፤ ፊቷንም አላዞረችልኝም። እኔ ባደግሁበት ቤት አባት ሲጠራ በማጅራት አይመለስለትም ነበርና ለአፍታ ቅር አለኝ። ወዲያው ግን እትዬ በላይነሽ ትዝ አሉኝና ቅሬታዬ ወደ ሳቅ ተለወጠ።

እትዬ በላይነሽ የአባቴ ታላቅ እህት ነበሩ። ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሮም ስመጣ ያስጠጉኝ እሳቸው ናቸው። በሳምንቱ ቀናት የአንዲት ጣልያናዊት አዛውንት ቤት ይሠሩ ነበር፤ እሑድና በዓል ሲሆን ደግሞ በዕድሜ የገፉ የማኅበር እኅቶቻቸውን በየቤታቸው እየለቀሙ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳሉ። መኪናቸው ትንሽ ነጭ መኪና ነበረች። ነጭ ነበረች ልበል እንጂ፣ አንዳንድ ጊዜ ግራጫ ሆና ትታየኛለች።

የእሳቸው ኩራት ታዲያ መኪናዋ ሳትሆን አሲኩራሲዮኔያቸው፣ የመኪናዋ መድን ነበር። በዚህ አገር አደጋ ሳያደርስ ዓመቱን የጨረሰ ሰው በመድን ድርጅቱ ዘንድ ደረጃው ከፍ ይላል፤ ያጋጨ ደግሞ ይወርዳል። እትዬ በላይነሽ አንድም ቀን ሳይጋጩ ከመጨረሻው ከፍታ ደርሰው ነበር። ሌላው በማዕረግ እንደሚኮራ፣ እሳቸው በዚያ ይኮሩ ነበር። «እንግዳ ሆኜ በመጣሁበት አገር ማንንም አልጎዳሁም» የሚሉበት ማስረጃቸው መሰለኝ።

ጉልበታቸው እየታመመ ሄዶ ሐኪሙ መንዳት እንዲያቆሙ ሲመክራቸው ዓይናቸው እኔ ላይ ዐረፈ። እኔ ካልነዳሁ እነዚያ አሮጊቶች ቤታቸው ሊቀሩ ነው፤ ነድቼ ካጋጨሁ ደግሞ ያ ሁሉ ዘመን የተጠበቀ ደረጃ በእኔ እጅ ሊወድቅ ነው። መንጃ ፈቃድ ነበረኝ፤ ልምድ ግን አልነበረኝም። የመድን ወኪሉም ወጣት አሽከርካሪ ምን ያህል እንደሚያሰጋ ካስረዳ በኋላ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ የእሽቅድድም ሜዳ ለተራ ሰው የሚሰጥ የጥንቃቄ ሥልጠና መኖሩን ነገራቸው። እትዬም ቁርጣቸውን አስታወቁኝ፤ ያን ሥልጠና በዓይናቸው ፊት ካልተወጣሁ ቁልፉን አይሰጡኝም።

ወራቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ባበጠ ጉልበታቸው እስከ ሜዳው ድረስ ራሳቸው ነዱ። የሚሞዛ ዛፎች ቢጫ አበባቸውን አፍክተው በየአጥሩ ላይ ተደፍተዋል። ጭኔ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ የምስር ሳምቡሳ ተቀምጧል፤ የመኪናው ውስጥ በመንደሪን ልጣጭ ሽታ ታውዷል።

አሠልጣኙ ሲኞር ኤሊዮ የሚባሉ ሽበታም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ውኃ ወደሚረጭበት አንሸራታች ሜዳ ወሰዱኝና መኪናው ኋላው ሲከዳው እንዴት እንደሚመለስ አሳዩኝ። ትምህርታቸው በአጭሩ መኪና ዓይን ወዳየበት ይሄዳል የሚል ነበር፤ የምትፈራውን አትይ፣ መውጫህን እይ። ብቻዬን ስነዳ ተሳካልኝ። ከዚያ ግን ሲኞር ኤሊዮ፣ ወደፊት የምነዳው ሰው ጭኜ ስለሆነ፣ እትዬ በላይነሽን ከጎኔ አስቀመጡና ራሳቸው ከኋላ ገቡ።

ውኃው ላይ ስንደርስ የመኪናው ኋላ ሸሸ። «ኤፍሬም!» አሉ እትዬ። «አቤት፣ እትዬ» ብዬ ፊቴን ወደ እሳቸው መለስሁ፤ መኪናውም ፊቴን ተከትሎ እንደ እንዝርት ሾረ። ደገምነው፤ ጠሩኝ፤ አቤት አልሁ፤ ሾርን። ሲኞር ኤሊዮ ምን እያልሁ እንደምዞር ጠየቁኝ። ታላቅ ሰው ሲጠራ ፊት እየነሱ መመለስ በእኛ ዘንድ ነውር መሆኑን አስረዳኋቸው። አልሳቁም። ጥቂት አሰቡና እሜቴ ዝም ማለት ይችሉ እንደሆነ ጠይቅልኝ አሉ። ነገሩን አለሳልሼ ለመተርጐም አፌን ስከፍት እትዬ አቋረጡኝ።

«ሰምቻለሁ። ዝም እላለሁ ብዬ አልዋሽም፤ የፈራ ሰው ይጣራል። ነገ ይህ ወንበር በአሮጊት ይሞላል፤ ሁላችንም እንጠራሃለን። እዚህ መኪና ውስጥ ስጠራህ አቤት አትበለኝ። አትዙርልኝ። ፈቅጄልሃለሁ።»

ቀጥለውም «አሎራ፣ በል እንሂድ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እስከ ዛሬ በአድናቆት አስበዋለሁ። ሲያሠለጥኑኝ የዋሉት እትዬ ናቸው ማለት ይቻላል። መኪናው በተንሸራተተ ቁጥር ሆን ብለው ይጠሩኛል፤ በስሜ፣ በክርስትና ስሜ፣ በመጨረሻም በልጅነቴ እናቴ ብቻ በምትጠራኝ ስም። አንገቴ ገመድ እንደ ታሰረበት ወደ እሳቸው ይሳባል፤ ዓይኔን ግን ከመውጫው ላይ አላነሣሁም። መኪናው ቀና አለ። ከውኃው ወጥተን ቆምን።

«ባለጌ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እሰይ።»

ይህን ያሉኝ እዚያው ሜዳው ላይ ይሁን ወይስ ስንመለስ መንገድ ላይ፣ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም፤ በሁለቱም ቦታ ይሰማኛል። ሲኞር ኤሊዮ ሳምቡሳውን ቆመው ሲበሉ፣ እትዬ ቁልፉን መዳፌ ላይ አኑረው ዞረው በተሳፋሪው በር ሲገቡ ግን ጥርት ብሎ ይታየኛል። በመመለሻችን ሚሞዛውን እይ ብለው ጠሩኝ። ያየሁት መንገዱን ነበር።

እሳቸው እስኪያርፉ ድረስ ደረጃቸው አልወረደም። አሮጊቶቹ ግን የተማረ ልጅ ሲጠሩት ፊቱን ይነሳል እያሉ ያሙኝ ነበር። እትዬም ከፊት ወንበር ሆነው «በእኔ ፈቃድ ነው» ይሏቸዋል። አክብሮትን የሚጠይቅ ታላቅ ሞልቷል፤ ሌሎች በሰላም እንዲደርሱ የራሱን ክብር የሚተው ግን ከእሳቸው በቀር ብዙ አላየሁም።

ማርታ ገበያው አጠገብ መኪናውን አቁማ ሞተሩን አጠፋች። ያን ጊዜ ሙሉ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ምን ልትለኝ ነበር፣ ባባ?»

«ምንም» አልኋት። «የፈራ ሰው ይጣራል።»