ለክሊማ የተሠራ ጣሪያ

ፀደይ ጀሪካኑን ወዲያው አታነሳውም። መጀመሪያ በእግሯ ገፋ አድርጋ ክብደቱን ትገምታለች። ከግማሽ በላይ ከሞላ ለሁለት ባልዲ ታካፍለዋለች፤ ትልቁ ለማጠቢያ፣ ትንሹ ለማለቅለቂያ። ከዚያ ጣቷን ነክራ ትቀምሰዋለች። ጨው የለውም። ሳሙናውን በቢላ ፍቃ ትበትንበታለች፣ በመዳፏ ታማታዋለች፣ አረፋው እስከ አንጓዋ ሲደርስ ለሚወለደው ልጇ ያዘጋጀቻቸውን ልብሶች አንድ በአንድ ትነክራለች። አንገቱን ከአንገቱ፣ እጅጌውን ከእጅጌው ጋር ታሻለች። ጨምቃ፣ አለቅልቃ፣ እንደገና ጨምቃ፣ በሁለት እጇ ወጥራ አንዴ ጧ ታደርገውና ከበሩ እስከ መተላለፊያው ጫፍ በተዘረጋው ሽቦ ላይ ታሰጣዋለች። ቀጭኑ ሸሚዝ በሰባት ደቂቃ ይደርቃል፤ ወፍራሙ ፎጣ አስራ አምስት ይፈጃል። በስልኳ ለክታዋለች።

ውሃው ከክሊማው ቱቦ የተንጠባጠበ ነው። ጅቡቲ ውስጥ ኤሲ የሚል የለም፤ ክሊማ ነው። የቧንቧው ውሃ ጨው ስላለበት ሳሙና አያረፋበትም፣ የታጠበ ጨርቅም ሲደርቅ እንደ ካርቶን ይገግራል። ክሊማው ከእርጥቡ አየር ጨምቆ የሚያወጣው ውሃ ግን እንደ ዝናብ ውሃ ለስላሳ ነው። ታሪኳን ልጽፍ አጠገቧ ተቀምጬ «ማን አስተማረሽ?» ስላት «ማንም። ሲንጠባጠብ አይቼ ጀሪካን አስቀመጥኩበት፣ ከዚያ ቀመስኩት» አለችኝ።

ሴትዮዋ እንዲህ ናት። ከደብረ ብርሃን መጥታ ሄሮን ሰፈር አንድ የፈረንሳይ ቤተሰብ ዘንድ በሠራተኝነት በገባች በመጀመሪያው ክረምት፣ ያም በጅቡቲ የሙቀቱ ወቅት ነው፣ የቀዝቃዛው ቧንቧ ውሃ እጇን አቃጠላት። ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው የሚውለው። ሌላው ተቃጥሎ፣ ተሳድቦ ዝም ይላል። እሷ ግን የውሃ ማሞቂያውን ከሶኬት ነቀለችው። ማሞቂያው ያለው ቤት ውስጥ፣ ጥላ ውስጥ ስለሆነ የገባበት ውሃ እዚያ ቆይቶ ይበርዳል። ከዚያ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያስፈልጋት የምትከፍተው የሙቁን ቧንቧ ሆነ። ማዳም ይህን ስታይ በሳቅ ወንበር ያዘች።

ፍራኦልን ያገኘችው እዚያው ቤት ነው። የአሰላ ልጅ ነው፤ ሙያው ማቀዝቀዣ ጥገና። በዓመት ሁለቴ እየመጣ የቤቱን ክሊማዎች ያጥብ ነበር፤ እሷ መሰላል ትይዝለታለች። ባለፈው ዓመት መስከረም ተጋቡ። ተጋቡ እንጂ አብረው አልኖሩም። እሷ የምታድረው ከአሠሪዎቿ ቤት፣ እሱ ካርቲየ ሦስት በሚባል ሰፈር፣ ከአራት ወንዶች ጋር። የሚገናኙት በእረፍቷ ቀን ነው። «ዓርብ ባለትዳር ነን፣ ቅዳሜ ጠዋት እንፋታለን» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ስታረግዝ ቀልዱ አበቃ። በሚያዝያ አርሂባ ሰፈር ውስጥ ከወይዘሮ ሐዲጃ ቤት ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራዩ። ሐዲጃ ምድር ቤት ብቻዋን የምትኖር የጅቡቲ ሴት ናት። ልጅነቷን ድሬዳዋ ስላሳለፈች አማርኛዋ የድሬ ነው። ፀደይ «ኤዶ» ትላታለች፤ በሶማልኛ አክስቴ እንደማለት ነው። በግንቦት ፀደይ ክፍሉ ውስጥ ራሷን ስታ ወደቀች። ግድግዳው ላይ የሰቀለችው የሙቀት መለኪያ ሠላሳ ዘጠኝ ይላል። አዋላጇ ቁርጡን ነገረቻቸው፦ ወይ ክፍሉ ይቀዝቅዝ፣ ወይ ሴትዮዋ አገሯ ሄዳ ትውለድ።

አገር ቤት መሄድ ማለት በባቡር ድሬዳዋ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ደብረ ብርሃን፣ መመለሻው ሙቀቱ ሲበርድ በጥቅምት። ፍራኦል ሥራውን ጥሎ መከተል አይችልም። ልጁን የሚያየው በስልክ ይሆናል፤ ትዳሩም ወደ ዓርቡ ትዳር ይመለሳል፣ ያውም ያለ ዓርቡ።

ስለዚህ ክሊማ ሠራ። ከመሥሪያ ቤቱ ከተጣሉ ሁለት ማሽኖች የአንዱን ኮምፕሬሰር ከሌላው ማራገቢያ ጋር አዋሃደ። ትኩስ አየር የሚተፋውን የውጪውን አካል መተላለፊያው ላይ፣ ባሕሩን ፊት ለፊት ሰቀለው። በመጨረሻም ቆርቆሮ ቆርጦ ቆንጆ ቤት ሠራለት፤ ጣሪያ፣ ሁለት ጎን፣ ከፊት ደግሞ ወደ ታች የታጠፈ ክፈፍ። አሰላ ሙያ ያስተማረው ማስተር ቸሩ የሚባል ሰው «ጣሪያ ሳታለብስ ከመሰላል እንዳትወርድ» ይለው ነበር። የአሰላ በረዶ አንዴ ከወረደ የማሽኑን የአሉሚኒየም ክንፎች ጨፍልቆ ያስተኛቸዋል። ልክ ነበር። ለአሰላ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ያለ ችግር ሠራ። ሰኔ ላይ፣ አንድ ሰኞ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ገደማ ብሬከሩ ጣለ። ማክሰኞም በዚያው ሰዓት። ፎቁና ምድር ቤቱ በአንድ መስመር ስለሆኑ የሐዲጃም መብራት አብሮ ጠፋ። ሐዲጃ ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊኗ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ማክሰኞ ፍራኦል ከሥራ ሲገባ ደረጃው ላይ ጠበቀችው።

«አቦ ስማኝ ልጄ። አንዴ እሺ። ሁለቴ እሺ። ሦስተኛ ከጣለ ታወርደዋለህ።»

«ኤዶ፣ ዛሬ እጨርሰዋለሁ።»

«ፀደይን እወዳታለሁ። ግን መድኃኒቴን አልቀቅልላትም።»

ፍራኦል ሞተሩን የሚያስነሳውን ካፓሲተር ቀየረ። የሽቦ ጫፎቹን ፍቆ አጠበቀ። ቮልቴጁን ለካ፤ ደህና ነው። ጠዋት ደህና የሚሠራ ማሽን አስር ሰዓት ላይ ምን ያገኘዋል?

«እኔ አንድ ነገር አይቻለሁ» አለች ፀደይ። «ማሽኑ ፊት የማሰጣው ልብስ ጠዋት ወደ ውጪ ይገፋል። ወደ አስር ሰዓት ግን ወደ ቆርቆሮው ጎን ይሳባል። ማሽንህ የተነፈሰውን መልሶ እየተነፈሰ ነው።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ማዳም ክሊማ ያስተማረችሽ?»

«ሦስት ዓመት ማጣሪያውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። አንተ በዓመት ሁለቴ መጥተህ ሻይ ጠጥተህ ትሄድ ነበር።»

«ነይ እስቲ እንየው» ብሎ የሕፃን ሸሚዝ ማሽኑ ፊት ያዘ። ሸሚዙ ወደ ውጪ ተንሳፈፈ። «ይኸው! ይገፋል!» ብሎ ሳቀ። ፀደይ አልሳቀችም። በዚያ ሰዓት ነፋስ የሚባል አልነበረም፤ እሷ ያየችው ደግሞ በነፋስ ነው። ግን ስላልለካችው አልተከራከረችም።

ረቡዕ እሱ ዶራሌ ወደብ ሥራ ላይ ነበር። የሚሠራበት ግቢ የሠራተኛ ስልክ በር ላይ ያስቀራል። ሲሄድ ክላምፕ ሜትሩን ማሽኑ ሽቦ ላይ እንደነከሰ ትቶላት፣ «ቁጥሩ ዘጠኝ ካለፈ አጥፊው» ብሏታል። ይህ ሽቦውን ሳይቆርጥ የሚፈሰውን የኤሌክትሪክ መጠን በአምፔር የሚያሳይ መለኪያ ነው። ፀደይ በበኩሏ የፌስታል ቁራጭ እንደ ሪባን ቀድዳ የቆርቆሮው ማዕዘን ላይ አሰረች። ወንበር አወጣች፣ እግሯን ባልዲ ላይ ሰቀለች፣ ትጠብቅ ጀመር።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሪባኑ ወደ ውጪ ነው፤ ቁጥሩ አምስት ተኩል። ከዚያ ነፋሱ ዞረና ከባሕሩ በኩል መታ። ሪባኑ ጭራውን አጠፈ፣ በጎን ገባ፣ ከማሽኑ ጀርባ ተለጠፈ። ቁጥሩ ስድስት ተኩል። ሰባት። ሰባት ነጥብ ስምንት። ከፊት የሚወጣውን ትኩስ አየር ነፋሱ ክፈፉ ሥር እየገፋው፣ የቆርቆሮው ጎን ደግሞ እየመራ ወደ ጀርባ ይመልሰዋል። ማሽኑ እሳት እየሳበ እንዴት ይቀዝቅዝ?

ለፍራኦል ደወለች። ዝግ ነው። ወደ ደረጃው ጎንበስ አለች።

«ኤዶ! ኤዶ ሐዲጃ! ይውጡልኝማ፣ ቁጥር ያንብቡልኝ!»

«የምን ቁጥር? መነጽሬ የለም!»

«ትልቅ ነው፣ ይታያል!»

ሐዲጃ እያጉረመረመች ወጣች። «ስምንት… ስምንት ነጥብ ሁለት። ይሄ ጥሩ ነው መጥፎ?»

«መጥፎ ነው። ከዘጠኝ ካለፈ ይጥላል።»

«ያ ረቢ! አጥፊዋ ታዲያ!»

«ካጠፋሁት ምን እንደነካው ሳናውቅ እንቀራለን። ማታ ፍራኦል መጥቶ ያወርደዋል፣ እኔም አገሬ እሄዳለሁ።»

ሐዲጃ የፀደይን ሆድ አየች፣ ቁጥሩን አየች። «አቦ ፍጠኚ እንግዲህ» አለችና ወንበሩን ያዘችላት።

ፀደይ ወንበሩ ላይ ወጥታ እጇን በፎጣ ጠቀለለች፤ ቆርቆሮ ይቆርጣል። ብሎኖቹን በቅቤ መቀቢያ ቢላ ፈታች። መጀመሪያ ክፈፉ። ሁለት ብሎን ብቻ ነበረው፤ አንዱ ዝጎ እምቢ ሲል ቆርቆሮውን ወደ ኋላ ወደ ፊት እያጠፈች ሰበረችው።

«ስምንት ነጥብ ዘጠኝ!» ብላ ጮኸች ሐዲጃ። «ኧረ ልጅት!»

ክፈፉ ወደቀ።

«ስምንት… ሰባት ነጥብ ስድስት… ቆይ፣ እየወረደ ነው!»

ከዚያ ሪባኑ በገባበት በኩል ያለው ጎን። አራት ብሎን። ሪባኑ ከማሽኑ ጀርባ ተላቆ እንደ ባንዲራ ወደ ውጪ ተዘረጋ።

«አምስት ነጥብ ዘጠኝ! ወረደ! አቦ ወረደ እኮ!» ሐዲጃ ወንበሩን ለቃ አጨበጨበች። ፀደይ ግድግዳውን ይዛ «ወንበሩን ኤዶ፣ ወንበሩን!» አለች።

ፍራኦል አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲመጣ ደረጃው ላይ የተቆለለ ቆርቆሮ አየና ፊቱ ተለወጠ።

«ጣለ? አወረዳችሁት?»

«ቤቱን ነው ያወረድነው። ማሽኑ አለ» አለች ሐዲጃ። «ግባና ሚስትህን እጅ ንሳ።»

እሱ መጀመሪያ የሄደው ወደ ማሽኑ ነው። መዳፉን ከፊት አደረገ፣ ከጀርባ አደረገ፣ ሜትሩን አነበበ፣ ሪባኑን በጣቱ ነካ። ከዚያ የቀረውን ጣሪያ ሽቅብ እያየ፣

«ዝናብ ቢመጣስ?» አለ።

«ዝናብ?» አለች ሐዲጃ። «ዝናብ ከመጣማ ሁላችንም ወጥተን ሥሩ እንቆማለን።»

ብሬከሩ ከዚያ ወዲህ አልጣለም። ፍራኦል ጣሪያውን ራሱ አነሳው፤ በዚያው ሳምንት ሁለት ደንበኞች ቤት የሠራውንም ሄዶ አነሳ። ፀደይ ለእናቷ ደውላ እዚሁ እንደምትወልድ ነገረቻት።

አሁን ሐምሌ ሊያልቅ ነው። የመውለጃ ቀኗ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። ክፍሉ ይቀዘቅዛል፤ ጥያቄው እስከ ስንት ዲግሪ የሚለው ሆኗል። እናቷ በስልክ «አራስ ልጅ ማሽን ሥር? በጋቢ ጠቅልዪው!» ትላለች። ሐዲጃ አርባ ቀን ክሊማ የሚባል እንዳይከፈት፣ ማራገቢያ ብቻ፣ እሱም ወደ ግድግዳ ዞሮ ትላለች። ፍራኦል ኮምፕሬሰሩ እንዲያርፍ ሃያ ስድስት ይላል፤ እሱ የሚያስበው ለኮምፕሬሰሩ ነው። አዋላጇን ስትጠይቃት ደግሞ «መጠነኛ ይሁን» ብላት ወደሚቀጥለው ሰው ሄደች።

«መጠነኛ ቁጥር አይደለም» አለችኝ ፀደይ፣ የደረቀውን ሸሚዝ እያጠፈች። «የምትጽፈውን ሰው የሚያነበው ከሆነ እንዲህ ብለህ ጠይቅልኝ፦ ጅቡቲ፣ ሎጊያ፣ ጋምቤላ፣ የትም ሞቃት አገር አራስ ልጅ ያሳደጋችሁ፣ በመጀመሪያው ወር ክፍሉን ስንት ዲግሪ ላይ ነበር ያደረጋችሁት? ቁጥሩን ብቻ አይደለም፤ ልጁ ምን ለብሶ እንደነበርና አልጋው ከክሊማው በስንት እርምጃ እንደራቀ ጭምር ጻፉልኝ። እባካችሁ፣ ሳልወልድ ይድረሰኝ።»