ሙቀጫ የማይፈልግ ቡና

ባለፈው ሳምንት የባለቤቴ እህት መዲና ከደሴ ሦስት ፎቶ በስልክ ላከችልኝ። አንዱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የቡና ማፍያ ነው፤ ሌላው ምድጃ ላይ የሚጣድ የብረት ማፍያ፤ ሌላው ደግሞ አንገቱ ረዘም ያለ ጥቁር ጀበና። ልታገባ ነው፤ የቤት ዕቃ እየገዛች ነው። «የትኛውን ልውሰድ? አንች ታውቂያለሽ» ብላ ድምፅዋን አስከትላለች። ፎቶዎቹን ደጋግሜ አየሁና «ደስ ያለሽን ውሰጅ፤ ሁሉም ያፈላል» ብዬ መለስኩላት። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ግን ሽንኩርት መክተፌን ትቼ ፎቶዎቹን እንደገና ከፈትኩ። እኔም አንድ ጊዜ እንደሷ መርጬ ነበር።

ያኔ ከውጫሌ በላይ ካለ የአምባሰል መንደር ተድሬ ሐይቅ ከተማ ከገባሁ ገና ጥቂት ወራት ነበር። ባለቤቴ እንድሪስ ከውጫሌ ደሴ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳል። ለውጥ መጣ ተብሎ ሰው ሁሉ ተስፋ ባደረገበት ሰሞን ከአጎቱ ጋር ሆኖ የገዛት መኪና ናት። ጎህ ሲቀድ ይወጣል፤ ሲመሽ ይገባል። ቀኑን ሙሉ ቤቱ የእኔ ነው።

እኔ ከልጅነቴ ዓይነ አፋር ነኝ። የማላውቀው ሰው ሲያየኝ አንገቴ ይሞቃል። ትምህርቴንም ስድስተኛ ክፍል ላይ የተውኩት ሰባተኛን ለመማር ከማላውቃቸው ልጆች መሀል መቀመጥ ስለከበደኝ ጭምር ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን ቡና ነበር። እናቴ ቤት ሲኒ የማዳርሰው እኔ ስለነበርኩ እጄ ሲንቀጠቀጥ ሲኒው ከሲኒ ጋር ይንቀጫቀጫል፤ የመንደሩ ሰውም «የሐዋ ቡና ከነዘፈኑ መጣ» እያለ ይስቃል። በክፋት አልነበረም። እኔ ግን እያንዳንዱን ሳቅ አንድም ሳይቀር አስታውሳለሁ።

እንድሪስ አንድ ቀን ከመናኸሪያው አጠገብ ያለ ሱቅ ወሰደኝ። ደጃፉ ላይ ጀበናዎች ተደርድረዋል፤ ውስጥ መደርደሪያው ላይ የኤሌክትሪኩ ማፍያ ብርጭቆው እያብለጨለጨ ተቀምጧል። ባለሱቁ አየት አደረገኝና አወረደው።

«እህቴ፣ ይችን ውሰጅ። የተፈጨውን ቡና እዚህ ጨምረሽ፣ ውሃውን እዚህ፤ ከዚያ ይችን መጫን ነው። አንች ልብስሽን እጠቢ፣ እሷ ታፈላለች።»

«ጀበናስ?» አለው እንድሪስ።

«ጀበናማ መች ጠፋ ወንድሜ። ዘመኑ የፍጥነት ነው እንጂ።»

እንድሪስ ወደኔ ዞረና «እኔ ውሎዬ መንገድ ነው፤ ቤት ሆነሽ የምትጠጪው አንች ነሽ። አንችው ምረጭ» አለኝ። በጣቴ ማሽኑን አሳየሁት።

ለምን እንደመረጥኩት ለማንም አልተናገርኩም። የተከራየንበት ግቢ ውስጥ አምስት ቤተሰብ ነበር። አንዷ ቡና ስትቆላ ሽታው፣ ስትወቅጥ ደግሞ የሙቀጫው ድምፅ ግቢውን ሁሉ ያዳርሳል። ከዚያ በኋላ ጎረቤት አለመጥራት ነውር ነው። ማሽኗ ግን ከሱቅ የተፈጨ ገዝቼ ስጨምርላት ትንሽ ታጉረመርምና ዝም ትላለች። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ አገላብጣ አየቻትና «ቡናው ካልተወቀጠ ማን ሰምቶ ይመጣል?» አለችኝ። እሷ የማሽኗን ጉድለት መናገሯ ነበር። እኔ የመረጥኳት ለዚሁ ነበር።

ከሐይቁ ላይ የሚነሳው ጉም ሳይገፈፍ፣ ዓሣ ሻጮቹ በደጃፋችን ሲያልፉ፣ በሬን ገርበብ አድርጌ ብቻዬን እጠጣ ነበር። ደስም ይለኝ ነበር። ከግድግዳዬ ማዶ ያለችው እትየ ዘሀራ መጀመሪያ ሰሞን «ቡና ነይ!» እያለች ትጣራ ነበር። ምክንያት ሳበዛ ተወችኝ። ግቢው «የሹፌሩ ሚስት» ይለኛል፤ ከዚያ በላይ የሚያውቀኝ አልነበረም።

ማሽላው ታጭዶ በሚወቃበት ወራት የሰሜኑ ጦርነት ከወደ ወልዲያ እየገፋ መጣ። መንገዱ በሰው ተሞላ፤ ፍራሽ የተሸከመ፣ ፍየል የሚጎትት፣ ልጅ ያዘለ። እንድሪስ አንድ ቀን ጧት መኪናዋን በሴቶችና በሕፃናት ሞልቶ ወደ ደሴ ተነሣ። «ለመግሪብ እደርሳለሁ፤ በርሽን ዘግተሽ ቆይ» አለኝ። ከሰዓት በኋላ የተኩስ ድምፅ ከተማውን አናወጠው። በማግስቱ ከተማው በተዋጊዎች እጅ ነበር፤ መንገዱ ተዘጋ፣ መብራት ጠፋ፣ ስልክም ዝም አለ። እንድሪስ አልመጣም።

ቀን ቀንን ወለደ። እኔ በር ዘግቼ ተቀመጥኩ። ማሽኗ ጠረጴዛው ላይ ተገትራለች። የቀረኝን የተፈጨ ቡና በድስት አፍልቼ ሞከርኩት፤ አተላው ጥርሴ ውስጥ እየገባ ጨረስኩት። ከዚያ በቡና ጥም ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ። ከራሴ ይልቅ ግን ልቤ ነበር የሚያመኝ። ከወደ ደሴ የከባድ መሣሪያ ድምፅ በተሰማ ቁጥር እሱ ላይ የወደቀ ይመስለኛል። በመጨረሻ ቆረጥኩ፤ በገጠሩ አቋርጬ በእግሬ ሄጄ ልፈልገው። ቆሎ ቆላሁ፤ አንድ ልብስ ጨምሬ በነጠላ ቋጠርኩና በሩ አጠገብ አስቀመጥኩት። በነጋታው ልወጣ ነው።

ግን በዚያ ራስ ምታት መንገድ አይሞከርም። እናቴ ያመጣችልኝ ጥሬ ቡና ነበረኝ። ጎረቤት ገብቶ አንድ ሲኒ ስጡኝ ማለት ቀላል ነበር፤ ለሌላ ሰው። እኔ ጀበና ልገዛ ወጣሁ።

ገበያው ጭር ብሏል። አንዲት ሸክላ ሻጭ ከአጥር ሥር ተቀምጣለች።

«ለስንት ሰው ነው ልጄ?»

«ለ... ትንሽ ነው።»

«ትንሹ አልቋል። ደግሞ ዘንድሮ ትንሽ ጀበና ምን ያደርጋል? አገሩ ሁሉ ተሰዶ ሰው ቤት ነው ያለው። ይችን ያዥ።» ጀበናዋን በጣቷ አንጓ መታ መታ አድርጋ አሰማችኝ፤ ውሃ ሞልታ እንደማታፈስም አሳየችኝ። ትልቅ ናት፤ ለሠርግ ቤት የምትበቃ። አይሆንም ለማለት አፈርኩና ይዣት መጣሁ።

አሟሸኋት። ቡናውንም ቆላሁት። ቆልቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው ሙቀጫ እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ። ማሽኗ ሙቀጫ ጠይቃኝ አታውቅም! የተቆላውን ቡና ታቅፌ የእትየ ዘሀራን በር አንኳኳሁ።

«ሙቀጫ... እንዳለሽ ብዬ...» አልኩ።

«ወላሂ ይችማ ምላስ አላት!» አለች፣ ወገቧን ይዛ። «ማሽንሽስ?»

«መብራት የለም።»

«አዬ፣ እሷም እንደ አገሩ ሰው ተፈናቀለች በይኛ!» ሙቀጫውን ከነዘነዘናው አሸከመችኝ።

ወቅጬ ሳልጨርስ በሬ ተከፈተ። እትየ ዘሀራ ሲኒዋን ይዛ ገባች። ተከትለዋት እማማ ተዋበች ምርኩዛቸውን እያስቀደሙ ገቡ፤ ከግቢው መጨረሻ ክፍል የሚኖሩ፣ ማተባቸው አንገታቸው ላይ የነጣ አሮጊት ናቸው። ኋላም ሌሎች ሁለት ሴቶች መጡ። ማንንም አልጠራሁም። ሁሉም ሲኒያቸውን ይዘው ነበር፤ ቤቴ ውስጥ ሁለት ሲኒ ብቻ እንዳለ እንዴት እንዳወቁ እስካሁን አላውቅም።

ስቀዳ እጄ እንደ ድሮው ተንቀጠቀጠ፤ ሲኒዎቹ ተንቀጫቀጩ። እማማ ተዋበች «ቅጅ ልጄ፣ ቅጅ። ሰሞኑን ስንት ድምፅ የቻለ ጆሮ የሲኒ አያቅተውም» አሉኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ።

አቦሉ እንደተጠጣ እትየ ዘሀራ መዳፎቿን ዘርግታ ዱዓ ጀመረች። ለከተማው፣ አውድማ ላይ ለቀረው እህል፣ መንገድ ላይ ለቀሩት ሁሉ ለመነች። እኛ «አሚን» እንላለን፤ እማማ ተዋበችም «አሜን» ይላሉ። እትየ ዘሀራ መዳፏን ሳታጥፍ ወደኔ ዞረች።

«ሹፌሩ አልገባም አይደል? ስሙን ጥሪና እንለምንለት። ያንችስ ስም ማነው?»

«ሐዋ» አልኩ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ።

«ማን?»

«ሐዋ።»

«የየት አገር ሰው ነሽ?»

«የአምባሰል።»

መዳፎቿ አየር ላይ ቀሩ። «ባልሽስ?»

እኛ አገር ሙሽራ የባሏን ስም ደፍራ አትጠራም። በሹክሹክታ «እንድሪስ» አልኩ።

«ያ ረቢ!» ብላ ጭኗን መታች። «የእንድሪስ ሐዋ! አንች ልጅ፣ ስንፈልግሽ እኮ ነው የከረምነው!»

ወንድሟ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ከወደ ደሴ በእግሩ መጥቶ፣ እሷ ቤት ቡና ጠጥቶ ወደ ውጫሌ አልፎ ነበር። መንገድ ላይ ካገኘው ሰው መልእክት ይዟል፤ «ሐይቅ ላለችው ለአምባሰሏ ሐዋ ንገሩልኝ፣ እንድሪስ ነኝ» የሚል። መልእክቱ ከቡና ቡና ሰፈሩን ሲዞር ሰነበተ።

«በሐይቅ ሐዋና እንድሪስ ስንት አለ! መንገድ የቀረውም ሹፌር ስንት ነው!» አለች እትየ ዘሀራ። «የሻይ ቤቷን ሐዋ ጠየቅናት። 'የኔ ባል ከሞተ ቆየ፤ ሌላ ካገኛችሁ ግን አምጡት፣ አልመልስም' አለችን። የወፍጮ ቤቷን ሐዋ ብንጠይቅ ባሏ እቤቷ ተጋድሟል። ከግድግዳዬ ማዶ ያለችው ሐዋ መሆኗን በምን ልወቅ?»

«ምን አለ?» አልኩ። ድምፄ ጮክ ብሎ ሲወጣ እኔኑ አስደነገጠኝ።

«አብሽሪ፣ ደህና ነው። ሲመለስ መንገዱ ተዘጋበት፤ ሲሸሽ እግሩ ወለም ብሎት ነው እንጂ ደህና ነው። ገበሬ ቤት አርፏል፤ መኪናዋንም ጭድ አልብሰውለታል። ሐዋ ንቅንቅ እንዳትል፣ መንገዱ ክፉ ነው፣ እኔ እመጣለሁ ብሏል።»

እማማ ተዋበች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንድ ነገር ረሳሽ። 'ዓይነ አፋር ናት፣ ሰው ፊት አትንገሯት' ብሏል አላልሽንም?»

እትየ ዘሀራ ቤቱን የሞሉትን ሴቶች አንድ በአንድ አየቻቸው። «እንግዲህ ሆነ! አሁን ምን ላድርግ?»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። እኔ አለቀስኩ፤ መሳቄንም አልተውኩም። እሱ ነው። እንደዚያ ብሎ የሚልክ ሌላ እንድሪስ በዓለም የለም። እሱ ከወጣበት ጧት ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሣ።

እማማ ተዋበች በምርኩዛቸው በሩ አጠገብ ያለውን ቋጠሮ ነካ አደረጉት። «ይሄስ?»

«ነገ ልሄድ ነበር። ልፈልገው።»

በዚያ መንገድ የወጣ ሰው ምን እንደሚገጥመው ከኔ በቀር ሁሉም ያውቁ ነበር። እትየ ዘሀራ ተነሥታ ቋጠሮውን ፈታችው፤ ቆሎውን አገኘችና በእፍኝ በእፍኝ አደለችው።

«የቡና ቁርስ እያለሽ ደብቀሽ ታስጠጭናለሽ?» አለች።

እንድሪስ ተዋጊዎቹ ከተማውን ለቀው መንገዱ ሲከፈት እያነከሰ መጣ። የደረሰው ሴቶቹ እቤቴ ተሰብስበው እኔ ስወቅጥ ነው። ከግቢው በር ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ ቆየና «ቤት የተሳሳትኩ መሰለኝ» አለ።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። ማሽኗ ዛሬም አለች፤ አልጠላኋትም። እንድሪስ በማለዳ ሲወጣ ፈጥና የምታደርስልኝ እሷ ናት፤ ቡናዋም ጥሩ ነው። ዓይነ አፋርነቴም ቢሆን አልለቀቀኝም። ከጎረቤቶቼ ጋር ስጠጣ ዛሬም ብዙውን ጊዜ ሰሚ ነኝ። ሰው ከሰው የሚቀራረበው ብዙ በማውራት ይመስለኝ ነበር፤ ለዚህ ነበር የምፈራው። ያን ቀን ግን የተጠየቅሁት አንዲት ቃል ብቻ ነበር፤ ስሜን። ይህን ሳስብ እስከዛሬ ቅልል ይለኛል።

በቅርቡ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ልጅ ተከራየች። ከቤት አትወጣም፤ በሯም እንደተዘጋ ይውላል። ሌሎቹ ኩራተኛ ናት ይሏታል። ትናንት ሄጄ በሯን አንኳኳሁ፤ አንገቴ እንደ ልማዱ ሞቀ። ስትከፍት ቡና ነይ አላልኳትም።

«እኔ ሐዋ እባላለሁ» አልኳት። «ስምሽ ማነው?»

ነገረችኝ።