የኮፈኖው ገጣባ

ደብረ ታቦር ውስጥ መኪና የማጥብበት ቦታ ከወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ቦታውን ስከራይ ይህን እንደ ብልጠት ነበር የቆጠርኩት። ወፍጮ ባለበት ሰው አለ፤ ሰው ባለበት ወሬ አለ፤ ወሬውን ተከትሎ ደንበኛ ይመጣል ብዬ። ሁለታችንም መብራት የምንስበው ከአንድ ምሰሶ መሆኑ ግን አልታየኝም። ብዙ ዘመኔን ሽንኩርትና ልባሽ ጨርቅ ስነግድ ነው የኖርኩት። ሽንኩርት መብራት አይፈልግም።

ላቫጆ ብቻ አላበላ ሲለኝ ቀለም ማብራት ጨመርኩበት። የመኪና ቀለም በአቧራና በቆሻሻ ጨርቅ ብዛት ይጫጫራል፤ ፀሐይ ላይ ሲያዩት ሸረሪት ያደራበት ይመስላል። ያንን ፖሊሽ ቀብተን በሚሽከረከር ማሽን እያሸን እናጠፋዋለን። እውነቱን ለመናገር ጭረቱ የሚጠፋው ቀለሙ በስሱ ስለሚላጥ ነው። ይህን ለደንበኛ አንናገርም።

ለዓመታት የሠራሁት በትንሽ ማሽን ነው፤ ማሽን ካላችሁት። ግድግዳ የሚበሳ ትራፓኖ ነበር። ጫፉ ላይ ክብ እንጨት አሰርኩ፤ እንጨቱን ከባለቤቴ አሮጌ ባና ላይ በቆረጥኩት ቁራጭ ለበጥኩት። የደጋ በግ ጠጉር ለሰው ብርድ እንደሚሆነው ሁሉ ለመኪናም ይሆናል። ባለቤቴ ባናዋን የፈለገችው ክረምት ሲገባ ነው። እስካሁንም ሰው ሥራዬን ሲያመሰግን ከሰማች፣ "አዎ፣ የሰው መኪና ያበራል፤ የሚስቱን እግር ያቀዘቅዛል" ትላለች።

ትራፓኖው ዝግተኛ ነበር። ደንበኛው ሻይ ጠጥቶ፣ ምሳ በልቶ፣ ለቅሶ ደርሶ ሲመለስ እኔ ገና ጣሪያው ላይ ነኝ። አንዱ ሾፌር እንዲያውም፣ "ጋሼ፣ መኪናዋን እያበራሃት ነው ወይስ እያሳደግሃት?" ብሎኝ ያውቃል። ይቺ ነገር ከነከነችኝ። ባሕር ዳር ወርጄ ጉልበተኛ የፖሊሽ ማሽን ገዛሁ።

ሻጩ ለስላሳ ልጅ ነበር። ማሽኑን ከማሳየቱ በፊት ክንዴን ዓይቶ፣ "ይቺን የሚችላት ሰው ጥቂት ነው፤ ለእርስዎ ግን ትሆናለች" አለኝ። ይህን ዘዴ አውቀዋለሁ። ልባሽ ጨርቅ ስሸጥ፣ ኮቱ ትከሻው ላይ የሚንጠለጠልበትን ሰው "ይኼ ግርማ ላለው ሰው የተሰፋ ነው" እያልኩ ሸኝቼዋለሁ። አውቄውም ገዛሁ። ሰክቶ ሲሰጠኝ ማሽኑ አጓራና እንዳልተገራ ወይፈን ጎተተኝ፤ እኔም ሰው ሲያየኝ ደስ አለኝ።

ደብረ ታቦር ስመለስ ካርቶኑን በጉያዬ ይዤ፣ አቋራጩን ትቼ በዋናው መንገድ ነው የሄድኩት። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ዱቄት ከቅንድባቸው የማይለይ፣ ነገር የማያልፋቸው አሮጊት ናቸው።

"ምን ተሸክመህ ነው?" አሉኝ።

"ማሽን ነው፣ እትዬ። ጉልበተኛ ነው።"

"ጉልበተኛ ከሆነማ ጤፍ ታግዘኛለህ።"

በመጀመሪያው ቀን ሰክቼ ሳስነሣው ማሽኑ እንደ ሰለቸው ሰው ቀስ ብሎ ዞረ። ተበልቻለሁ ብዬ ልጮህ ስል ከግድግዳው ማዶ ወፍጮው ቆመ፤ ወዲያው ማሽኔ አገሣ። ወፍጮው ተነሣ፤ ማሽኔ ደከመ። ጉልበት ብዬ የገዛሁት ነገር ለካ እትዬ ሲበቃቸው የሚተርፈኝ ፍርፋሪ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እሳቸው ምሳ ሲበሉ እየጠበቅኩ መሥራት ጀመርኩ፤ ሰው ሲጠይቀኝ "ቀለም ማረፍ አለበት" እላለሁ።

የአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ ነው አንዲት ልጅ መኪናዋን ይዛ የመጣችው። ዐረብ አገር ሠርታ የተመለሰች፣ ትንሽ ልብስ መሸጫ የከፈተች ልጅ ናት፤ መኪናዋም ትንሽ፣ ጥቁር ሰማያዊ። ቁልፉን ሳትሰጠኝ ጉዳዩን ነገረችኝ። አባቷ ያሉት ከይፋግ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ባለፈው ዓመት ከዚያው ሰፈር የሆነች ተመላሽ "የራሴ ናት" ብላ መኪና ይዛ ገብታ ነበር፤ በማግስቱ አከራዩ መጥቶ ሰው ፊት ቁልፉን ተቀበላት። አባቷ የዚያች ተመላሽ ቤተሰብ ሲሣቅበት ከርሞ አይተዋል።

"በስልክ ምን አሉኝ መሰለህ?" አለችኝ። "'ልጄ፣ የሰው ነገር ይዘሽ ከምትመጪ ባዶ እጅሽን ነዪ' አሉኝ። የኔ ናት ብላቸውም አላመኑኝ። ነገ ንግሡ ላይ አገሩ ሁሉ አለ። ባለቤት ያላት መኪና አስመስልልኝ።"

"ለዚህማ ትክክለኛው ሰው ጋ መጥተሻል" አልኩ።

ትራፓኖዬን ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አየችው። "በዚያ አይሻልም? የጓደኛዬን በዚያ ነው የሠራህላት።"

"እኅቴ፣ ዘመኑ ተቀይሯል።"

ዱካ አምጥቼላት አጠገቤ ተቀመጠች። የበዓል ዋዜማ ስለሆነ ወፍጮ ቤቱ ሰልፍ ነው፤ እትዬ ምሳም አልበሉ። ማሽኔ እያቃሰተ ይዞራል። ብልህ ሰው ትራፓኖውን ያወርድ ነበር። እኔ ግን ዘመኑ ተቀይሯል ብያለሁ። ጉልበት ላጣው ማሽን ጉልበት ልጨምርለት ብዬ በደረቴ ተጫንኩት። ኮፈኖው ጠርዝ ላይ፣ ቀለሙ ስስ በሆነበት ቦታ፣ በሙሉ ክብደቴ እንደተኛሁበት ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጠሰ።

ወፍጮው ቀጥ ሲል የምሰሶው መብራት በሙሉ ወደ እኔ መጣ። ማሽኑ አገሣ፤ እኔን ይዞ ወደ ጎን ሄደ። ከጠርዙ ላይ ስንነሣ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ ሰማያዊው ጠፍቶ ከሥሩ ግራጫው ታየ።

እትዬ ዱቄታቸውን እያራገፉ መጡ። "ቺንጋው ተበጠሰብኝ" አሉ። ከዚያ ኮፈኖውን አዩት። "አንተስ ምንህ ነው የተበጠሰው?"

ልጅቷ አልጮኸችም። ብትጮህ እኔም ጮኼ እከራከር ነበር። ተነሥታ የተላጠችውን ቦታ በጣቷ ነካቻት፤ ጣቷን አየችው፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ቀለሙ ባሕር ዳር ካልሆነ አይገኝም፤ ቢገኝም ለነገ አይደርቅም። መኪና መስታወት ላይ የሚለጠፍ የእመቤታችን ሥዕል ስለምሸጥ አንዱን አወጣሁ።

"ይቺን ብንለጥፍባትስ? በዓሉም የሷ ነው።"

"እመቤታችንን ለአንተ ጥፋት መሸፈኛ ልታደርጋት ነው?"

ሥዕሉን መለስኩት።

"ነገ አብረኸኝ ትሄዳለህ" አለች። "ከአስፋልቱ ስንወጣ አቧራ ነው። መግቢያው ላይ ታጥብልኛለህ። አባቴ ስለዚች ቦታ ከጠየቁ ደግሞ የምትመልሰው አንተ ነህ። አፍ አለህ።"

"ነገ እኮ በዓል ነው፤ ሥራ አይሠራም።"

"ሥራ አይደለም፤ ንስሐ ነው።"

እትዬ ራሳቸውን ነቅንቀው አጸደቁት።

በማግስቱ ለበዓል የማወጣትን የቆዳ ጃኬት ለበስኩ፤ ባልዲና የባና ቁራጭ ይዤ ተሳፈርኩ። ወረታ ወርደን ወደ ቀኝ ታጠፍን፤ ይፋግን አለፍ ብለን ከአስፋልቱ ወጣን። አቧራው መኪናዋን ማሳ አስመሰላት። የለፋሁበት ድምቀት ጠፋ፤ ያቃጠልኩትም አብሮ ጠፋ። በጣም ደስ አለኝ።

"እንዲሁ ብንገባስ?" አልኳት።

"ውረድ" አለችኝ።

ወንዙ ዳር ወርጄ አጠብኳት፤ ከዚያ በባናው በእጄ ወለወልኩ። እንደዚያን ቀን አድርጌ መኪና አብርቼ አላውቅም። ሰማያዊዋ ሰማዩን እንደ መስታወት አሳየች፤ ግራጫዋም ቦታ በዚያው ልክ ጎልታ ወጣች።

ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው ሜዳ በሰው ተሞልቷል። ገና ሳንቆም አንድ ጎረምሳ፣ "ኪራዩ በቀን ነው በሰዓት?" አለ፤ ሰው ሣቀ። አባትየው ከሽማግሌዎቹ መሀል ተነሥተው መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢያቸው ንጹሕ። ልጃቸውን ሳሙ፤ ደጋግመው ሳሙ። መኪናዋን ግን ሰላም አላሏትም።

"የማን ናት?"

"የኔ ናት አልኩዎ እኮ፣ አባዬ።"

ዓይናቸው ወደ እኔ ዞረ። ከጫማዬ ጀምረው ጃኬቴን እስከ አንገትጌው አዩት። "እኚህስ ባለመኪናው ናቸው?"

ልጅቷን ላግዝ ብዬ ለመጣሁት ለእኔ ይህ አልታየኝም ነበር። ንብረቴ እንዳይጠፋ ተከትዬ የመጣሁ አከራይ ነው የምመስለው።

"ኧረ እኔ አጣቢው ነኝ" አልኩና ባልዲውን ከፍ አደረግኩ።

ሜዳው ሣቀ። ጎረምሳው፣ "የቆዳ ጃኬት የለበሰ አጣቢ አይተን አናውቅም" አለ። ልጅቷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ያን ጊዜ ነው ከኮፈኖው በላይ ያበላሸሁት ነገር እንዳለ የገባኝ።

አባትየው መኪናዋን ዞሯት። ኮፈኖው ጠርዝ ላይ ቆሙና ጎንበስ አሉ።

"ይቺስ?"

ልጅቷ እኔን አየችኝ። መንገዱን ሙሉ ያሰናዳሁት መልስ ነበረኝ፦ ድንጋይ ፈንጥሮ ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ሲያመጧት ጀምሮ ነው። አንዱም አልመጣ አለኝ።

"እኔ ነኝ፣ አባቴ። ትናንት በማሽን አቃጠልኳት።"

"እሷ አይታለች?"

"አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።"

"ምን አለችህ?" አሁን አንቱታው ቀረ።

"'ባልዲህን ይዘህ ትከተለኛለህ' አለችኝ።"

"አላለቀሰችም? ለማን ምን እላለሁ አላለችም?"

"ኧረ ምንም። ላለቅስ የነበርኩት እኔ ነኝ።"

አባትየው በአውራ ጣታቸው ግራጫዋን ቦታ ዳሰሷት፣ የከብት ጀርባ እንደሚዳሰስ።

"ገጣባ ናት" አሉ። "ልጅ ሳለሁ የጎረቤት በቅሎ ተውሼ፣ ኮርቻውን አላጠብቅ ብዬ ጀርባዋን አስላጥኳት። በቅሎዋን ደጃፋቸው ላይ አሰርኩና ጠፋሁ። ያደርኩት ዘመድ ቤት፣ ከወንዝ ማዶ ነው። የሰው ከብት ያስገጠበ ሰው እንኳን ደጅ ሊቆም፣ ሰው ፊት አይታይም።" ወደ ጎረምሳው ዞሩ። "ይቺን ልጅ እያት እስቲ። አጥፊውን ባልዲ አሸክማ መጣች። በሰው ንብረት እንዲህ አይኮራም። የራሷ ናት።"

ጎረምሳው ወደ ሰዉ መሀል ገባ።

"በይ ክፈችልኝ" አሉ ልጃቸውን።

ከፊት ወንበር ላይ ከነጋቢያቸው ተቀመጡ። ልጅቷ መሪውን ይዛ ወዲያው አልነዳችም፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ በመኪናዋ መስኮት አየኋት። ሜዳውን ቀስ ብላ ዞረች። እኔ ባልዲዬን ይዤ የተነሣውን አቧራ ቆሜ ዋጥኩ።

ቀለሙን ከባሕር ዳር አስመጥቼ ነበር። ልጅቷ አሁንም መኪናዋን እኔ ዘንድ ታሳጥባለች፤ የቀለሙን ቆርቆሮ ባሳየኋት ቁጥር፣ "ሌላውን እጠብ፤ ገጣባዋን እንዳትነካ" ትለኛለች። ዝገት እንዳይመጣባት ጥርት ያለ ቅብ ብቻ እንድደርብባት ፈቀደችልኝ፤ እሱንም በብሩሽ፣ በእጄ።

እትዬም አዘኑልኝ። አሁን ወፍጮውን ከማቆማቸው በፊት ግድግዳውን በሙቀጫ ዘነዘና ይመቱልኛል፤ እኔ ማሽኑን ከቀለሙ ላይ አነሣለሁ፤ እሳቸው ያቆማሉ። አንዳንድ ቀን ግን ሳያቆሙም ይመታሉ። ማሽኑን ሁለት እጄ ላይ አንጠልጥዬ እጠብቃለሁ። ወፍጮው መፍጨቱን ይቀጥላል፤ ከግድግዳው ማዶ ሲሥቁ እሰማለሁ።