የባትሪው ውሃ

የመኪና ኤሌክትሪሻኑ ሚስቱን ከቀበረ ስምንት ወሩ ነው፤ እስካሁን አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣውም። በቀብሩ ዕለት ከኋላው የቆሙ ሴቶች «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ሲባባሉ ሰምቷል። አልተቆጣም። እውነታቸውን ይሆን እንዴ ብሎ አሰበ እንጂ፤ ያ ሐሳብ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀውም።

ግቢው ውስጥ አልጋና ምድጃ ያለው መኪና ቆሟል። ባልና ሚስቱ አሮጌ ሚኒባስ ገዝተው ዓመታት የለፉበት ነው፤ ጡረታ ሲወጣ አገር ሊያዩበት። ጡረታው መጣ፣ ጉልበቷ ታመመ፣ ዛሬ ነገ ሲባል መኪናው ከግቢ ሳይወጣ ቀረ። ጎረቤቱ «ቆሞ ቀር» የሚል ስም አወጣለት። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው እሷው ነበረች።

ቆሞ ይቅር እንጂ ችላ አልተባለም። ከቤቱ መስኮት የወጣ የኤሌክትሪክ ገመድ ጎኑ ላይ ተሰክቶ፣ ሁለቱን ባትሪዎች ቀን ከሌት ይሞላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ኤሌክትሪሻኑ ገመዱን ይፈትሻል፣ የባትሪዎቹን ራስ በብሩሽ ይጠርጋል፣ ብሎኖቹን ያጠብቃል። ከቀብሩ ማግስት በዋለው ቅዳሜም ይህንኑ አደረገ። እጁ ይሠራል፤ እሱ ግን የለበትም። መብላቱም፣ መተኛቱም፣ ለጠያቂ «ደህና ነኝ» ማለቱም እንደዚያው ነው።

አርብ ዕለት ልጁ መጣች።

«አባዬ፣ ነገ ቆሞ ቀርን ይዘን ሐይቁ ድረስ እንሂድ። እማዬ ቃል ገብታልኝ ነበር።»

«እሺ።»

«ደስ ካላለህ ይቅር።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

ለእሱ እሺም እምቢም አንድ ነበር።

በማግሥቱ ገመዱን ነቀለ። የመኪናው የውስጥ መብራት ትንሽ ቆይቶ ደከመ፣ ጠፋ። በየባትሪው ላይ ስድስት የውሃ ቀዳዳ አለ፤ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ክዳን ፈትቶ ወደ ውስጥ አየ፤ ክው ብሎ ደርቋል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። አሥራ ሁለቱንም ፈታ፤ አንዱም ጠብታ የለውም።

ይህ ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደንበኛ ሲቆጣ የኖረ ነው። «ሁልጊዜ የሚሞላ ባትሪ ውሃውን ይጨርሳል፤ ካልጨመርክለት ገዳዩ አንተ ነህ!» ይል ነበር። የዚህን መኪና ውሃ ግን ጨምሮ አያውቅም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሥራው የሚስቱ ነበር። በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ በየቀዳዳው «ጠጣ፣ አንተ ሰካራም» እያለች ትሞላለች። ረስቶት አይደለም። የእሱ ድርሻ ስላልነበር አልታሰበውም።

ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ዞሮ ጮኸ።

«አንቺ ሴትዮ! ስምንት ወር ሙሉ ውሃ ሳትጨምሪ ምን ስትሠሪ ነበር?»

ልጁ እጇን እያደራረቀች በሩ ላይ ብቅ አለች። እሷን ሲያይ የጮኸውን ራሱ ሰማው።

«የእሷ ድርሻ እኮ ነው» አላት። «የእሷን ድርሻ ማን ይሥራው?»

ልጅቱ ገብታ የእናቷን በርጩማና የባትሪ ውሃውን ጠርሙስ ይዛ ወጣች። እንዲህ የደረቀን ባትሪ ውሃ እንደማይመልሰው እሱ ያውቃል፤ አልነገራትም። ቁጭ ብላ ማፍሰስ ጀመረች።

«ጠጣ፣ አንተ ሰካራም» አለች።

አባቷ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ አሥራ ሁለተኛው እስኪሞላ ድረስ አለቀሰ።