የሚተነፍሰው መቀመጫ

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መጻፍ የእኔ ነገር አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። አሁንም ረጅም ቃል ሲገጥመኝ በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። የጎልማሶች ክፍል አስተማሪያችን «እያንዳንዳችሁ በሕይወታችሁ ከደረሰባችሁ አንድ ነገር ጽፋችሁ አምጡ፣ ግድግዳው ላይ እንለጥፈዋለን» ስትለን ሁለት ሳምንት ሙሉ «ረሳሁት» እያልኩ አመለጥኩ። በሦስተኛው «አንቺ መርፌ የማትፈሪ ሴት፣ እስክሪብቶ ምን አድርጎሽ ነው?» አለችኝ። እንግዲህ ይኸው። ስህተት ብታገኙ አይታችሁ እንዳላያችሁ እለፉኝ።

ሥራዬ ሶፋ ማደስ ነው። ሥራውን ያስተማረኝ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም ነው። ድሮ ሰው ሁሉ ሶፋውን ተሸክሞ እሱን ፍለጋ ይመጣ ነበር። አሁን ዓይኑ ደክሟል፤ ብርሃንና ጥላ ይለያል እንጂ ሰው በመልኩ አያውቅም። በረንዳው ላይ ተቀምጦ በጉጠት አሮጌ ሚስማር ይነቅላል፣ ጨርቁን እኔ እሰፋለሁ። ሰፍቼ ስጨርስ ደግሞ እያንዳንዱን መቀመጫ በመዳፉ ይዳስሳል። ጥጡ አንድ ቦታ ከተጓጎለ «ፍቺው» ይላል። አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

የምንኖረው አንድ ክፍልና አንድ በረንዳ ተከራይተን ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነን። አጎቴ ግቢውን በእርምጃ ነው የሚያውቀው። ከአልጋው እስከ በሩ ሰባት፣ ከበሩ እስከ በረንዳው ወንበር አራት፣ እስከ ውሃው ቧንቧ ሃያ ሁለት፣ እስከ ሽንት ቤቱ ሠላሳ አንድ። አንድ ቀን ወንበሩን በስንዝር ያህል ብገፋበት ወድቆ ግንባሩን ተፈነከተ። ስለዚህ ቤት መልቀቅ ለእኔ ዕቃ መጫን ነው፤ ለእሱ ግን ዓይኑን ሁለተኛ ጊዜ ማጣት ነው። ይህን የምነግራችሁ በኋላ ያደረግሁትን ነገር ለምን እንዳደረግሁት እንድታውቁልኝ ነው።

አጎቴ አንድ ሕግ አለው። «ሶፋ ሆድ ውስጥ የተገኘ ሁሉ የባለቤቱ ነው» ይላል። ቁልፍ ይሁን፣ ማበጠሪያ ይሁን፣ በትንሽ ከረጢት አድርገን ከሶፋው ጋር እንመልሳለን። አንዴ የወርቅ ጉትቻ መልሷል። አንዴ ደግሞ ድንጋይ የሆነ ግማሽ ዳቦ መልሶ ደንበኛው ሳቅ በሳቅ ሆነ። «ምን ያስቅሃል፣ ቁጠረውና ተረከብ» አለው አጎቴ።

ነገሩ የሆነው ሐሙስ ቀን ነው። ጡረታ የወጡ አንዲት አዋላጅ ዕቃ ቤታቸው ውስጥ ዓመታት የቆየ ሶፋ አምጥተውልን ነበር፤ ባለሦስት መቀመጫ፣ የሟች ባለቤታቸው ሶፋ። ለዓርብ ጠዋት ቃል ገብተናል። ጠዋት ቤት ውስጥ ሶፋውን ገልብጬ ከሥሩ ያለውን ጆንያ ስቀደው የአይጥ ጎጆ ዝርግፍ አለ፤ የታኘከ ወረቀት፣ ብጥስጣሽ ጨርቅ። ከኋላው አንድ ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር እልም አለ። እኔ ያየሁት ጭራውን ብቻ ነው።

ከጎናችን የተከራየው ሾፌር ባልዲውን ይዞ በበራችን ሲያልፍ እሱም አየው።

«እባብ! እባብ! አልጋ ሥር ገባ! በዓይኔ በብረቱ አየሁት!» ብሎ ባልዲውን ወረወረው፤ ግቢው በውሃ ተጥለቀለቀ። እየሮጠ ሄዶ የጎማ መፍቻ ብረቱን ይዞ መጣ። ፊቱ ሶፋውን ለመምታት የቸኮለ ይመስላል። ሶፋውን ጎትቼ በረንዳ ላይ አወጣሁት። «የሰው ንብረት ነው» አልኩ፤ ግን ለሾፌሩ አይደለም የተናገርኩት፣ ለሶፋው ነው። እኔ ሰው ፊት ቀና ብዬ የማወራ ሴት አይደለሁም።

አከራያችን ጩኸቱን ሰምተው መጡ። ወደ እኛ አልቀረቡም። ነጠላቸውን አንገታቸው ሥር ጨምድደው ይዘው ከቧንቧው ወዲያ ቆሙ። ክፉ ሴት እንዳይመስሏችሁ። ስታመም አጥሚት ይዘውልኝ የመጡ ሰው ናቸው። የዚያን ቀን ግን ከንፈራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ወንድሜን በሰባት ዓመቱ እባብ ነው የወሰደብኝ» አሉ። «ጎኔ እንደተኛ ነው የወሰደብኝ። እስከ ነገ ጠዋት ይዛችሁ ካላሳያችሁኝ ቤቴን ልቀቁልኝ።»

«እትዬ...» አልኩና ምላሴ ተሳሰረ።

«እትዬም እንትናም የለም! ሄዷል ብትሉኝ አላምንም። በዓይኔ ካላየሁ ዓይኔን አልከድንም።»

አጎቴ ሚስማር እየነቀለ ነበር። ጉጠቱ ቆመ። በእግሩ የበረንዳውን ሲሚንቶ አንድ ጊዜ ዳበሰው።

ሾፌሩ «ጋዝ እናርከፍክፍ፣ ሽታውን አይችልም» አለ።

«ጥሩ ነው» አለው አጎቴ። «ጥጥና ስፖንጅ ያለበት ቤት ውስጥ ጋዝ። እባቡም እኛም እኩል እንለቃለን።»

ፍለጋ ጀመርን። አልጋውን አወጣን፣ ሳጥኑን፣ የጥጥ ጆንያውን፣ የስፖንጅ ክምሩን አወጣን። ወለሉን በመጥረጊያ እንጨት ነካካን። የግድግዳውን ስንጥቅ በባትሪ አየን። ሾፌሩ በየመሃሉ «አልጋ ሥር ነው የገባው» እያለ ይምላል። አልጋው እኮ ከወጣ ቆይቷል! እስከ ስድስት ሰዓት ፈለግን። የለም። ቤቱን እንደ ኪስ ገለበጥነው። ከቤት ቀድሞ የወጣውን ዕቃ ግን ማናችንም አልፈተሽነውም። እባብ የሚፈለገው ቤት ውስጥ ነው ብለን እኮ ነው።

ሰው ሲበተን ቁጭ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ቃል ቃል ነው። ደግሞ እጄ ሥራ ሲፈታ ልቤ የባሰ ይሮጣል። ሶፋውን አቁሜ በሞላዎቹ ላይ ጆንያ ወጠርኩ፣ ጥጡን አነጠፍኩ፣ አዲሱን ጨርቅ ጎትቼ በቆልማማው መርፌ ጠርዝ ጠርዙን ያዝኩት። እየሰፋሁ የማውቃቸውን የኪራይ ቤቶች ሁሉ በልቤ ዞርኩ። ይሄኛው ደረጃ አለው። ያኛው ደጁ ቦይ ነው። በንዴት የተሰፋ ስፌት ቀጥ ይላል ይባላል፤ እውነት ነው። እንደዚያን ቀን አሳምሬ ሰፍቼ አላውቅም።

ስጨርስ አጎቴ ተነሳና በልማዱ ከቀኝ ወደ ግራ መዳሰስ ጀመረ። የመጀመሪያውን አለፈ። ሁለተኛውን አለፈ። ሦስተኛው ላይ መዳፉ ቆመ።

«አንቺ ልጅ።»

«አቤት ጋሼ።»

«እዚህ ጋ ምን ዓይነት ጥጥ ነው የከተትሽው?»

«ያው ጥጥ ነዋ።»

«ይሄኛው ይተነፍሳል።»

የሚቀልድ መሰለኝ። እጄን ይዞ ጨርቁ ላይ አስቀመጠው። ከሥሩ እንደ አውራ ጣቴ የሚወፍር ለስላሳ ነገር ነበር፤ ቀስ ብሎ ከመዳፌ ሥር ሸሸ። ለካ ጠዋትም ከሶፋው አልወረደም። ሲገለበጥ ወደ ሶፋው ክንድ ውስጥ ሸሽቶ ነበር፤ አዲሱ ጥጥ ሲነጠፍ ሙቀቱን ፈልጎ መጣ። እኔም ባሳመርኩት ስፌት ሰፋሁበት!

ሾፌሩ የሰማው በየት በኩል እንደሆነ እንጃ፤ ብረቱን ይዞ ከተፍ አለ። «ዞር በሉ! ዞር በሉልኝ!»

ብረቱ ሲነሳ አየሁ። በእሱና በሶፋው መሃል ቆምኩ።

«አትመታም።»

ማን እንደተናገረ ዞሬ ልፈልግ ምንም አልቀረኝም። የእኔ ድምፅ ነበር።

«ምን አልሽ?»

«አትመታም አልኩ። ሶፋው የሰው ነው። እባቡም ምን እንደሆነ ገና አላየነውም። መጮህ ከሆነ ጠዋት ጮኸናል፣ ምን ጠቀመን?»

«ቢነድፍሽ እኔ የለሁበትም!»

«የለህበትም» አልኩት።

መቀስ አንስቼ የጠርዙን ስፌት ከማዕዘኑ ጀምሬ ፈታሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ራሴን ለማረጋጋት ነው የቆጠርኩት። አሥራ አራት ላይ ስንዝር ተኩል ያህል ተከፈተ። እጄን አልሰደድኩም። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ፀሐይዋ ወደ በረንዳው ገብታ ነበር፤ ብርሃኑ ቀዳዳው ላይ ወድቋል። ጥቂት ቆይቶ ምላሱ ወጣ፣ ቀጥሎ ጭንቅላቱ። ከአፍንጫው ተነስቶ በዓይኑ ላይ የሚያልፍ ነጣ ያለ መስመር አለው፤ በግራም በቀኝም።

ያን ጊዜ አወቅሁት። ልጅ ሳለሁ ከጎተራችን ሥር ይኖር ነበር። አባቴ «ይሄ ድመታችን ነው፣ እግር የለውም እንጂ» ይል ነበር። መርዝ የለውም፤ አይጥን ጠምጥሞ ነው የሚገድላት። አባቴ ልንሸሻቸው የሚገቡትን መርዛሞችም ለይቶ አሳይቶኛል። መልኩን የማያውቅ ሰው እኔ ያደረግሁትን እንዳያደርግ እለምናለሁ። እኔም መስመሩን ባላይ ኖሮ ራቅ ብዬ የሚያውቅ ሰው እጠራ ነበር።

የትራስ ልብስ በግራ እጄ ይዤ በቀኝ እጄ ከአንገቱ ዝቅ ብዬ ያዝኩት። አውራ ጣቴን ነከሰኝ። ሾፌሩ እኔን ተክቶ ጮኸ።

«ነደፋት! መኪና ላስነሳ? መኪና ላስነሳ?»

ጥቃቅን የደም ነጠብጣቦች ወጡ። «ከዚህ የባሰ መርፌዬ ወግቶኛል» አልኩና እባቡን ትራስ ልብሱ ውስጥ ከትቼ አፉን አሰርኩ።

አጎቴ «ስንት ስፌት ፈታሽ?» አለኝ።

«አሥራ አራት።»

«ይሄ ነው የሚያሳዝነው» አለ።

እጄን በሳሙና ታጥቤ ወደ አከራያችን ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ቆመው ነበር። ከሩቅ ቆሜ ጭንቅላቱን ብቻ አውጥቼ አሳየኋቸው። የዚህን ጊዜ አፌ አልተሳሰረም።

«እትዬ፣ ወንድምዎን የወሰደው ይህ አይደለም። ይህ መርዝ የለውም። እኔን ነክሶኛል፤ ይኸው ቆሜያለሁ።»

«ነክሶሻል? ተቀመጪ! አትንቀሳቀሺ!»

በርጩማ አውጥተው ፊት ለፊታቸው አስቀመጡኝ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም።

«አሁንስ?»

«ደህና ነኝ።»

«ምላስሽን አውጪ እስቲ።» አወጣሁ። «አሁንስ?»

«እትዬ፣ ርቦኛል እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ከንፈራቸው መንቀጥቀጡን ትቷል። «በይ እንግዲህ ግደዪውና ይለይለት።»

«አልገድለውም» አልኩ። «ሶፋ ሆድ ውስጥ የተገኘ የባለቤቱ ነው። ጠዋት ከሶፋው ጋር ይሄዳል።»

ከበረንዳችን የአጎቴ ሳቅ ተሰማ። አከራያችን ግን አልሳቁም። «ዓይኔ እያየ ከዚህ በር ካልወጣ፣ ቃሌ ቃል ነው» አሉ።

«ዓይንዎ እያየ ይወጣል።»

ትራስ ልብሱን ክዳን ባለው ባልዲ ከትቼ፣ ክዳኑን በሚስማር በሳስቼ፣ ድንጋይ ጫንኩበት። ሳይጨልም አሥራ አራቱን ስፌት መልሼ ሰፋሁ። አጎቴ ዳሰሰው። «አሁን ጥጥ ነው» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ሾፌሩ ሶፋውን በሚሠራባት መኪና ጫነልን። ባልዲውን ግን ጋቢና አላስገባም አለ። «እሱ ከኋላ! አንቺም ከእሱ ጋር ከኋላ!» ባልዲውን ታቅፌ ከኋላ ተቀመጥኩ። አከራያችን በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። በአጠገባቸው ስናልፍ ክዳኑን ከፍቼ በትራስ ልብሱ አፍ ጭንቅላቱን ብቅ አደረግሁላቸው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፣ ግን አዩት።

ለአዋላጇ መጀመሪያ ትንሿን ከረጢት ሰጠኋቸው። ሁለት ቁልፍና አንድ የመነጽር እጀታ ነበር። እጀታውን አገላብጠው አዩና «የሱ ነው» አሉ፤ ኪሳቸው ከተቱት። ቀጥሎ ባልዲውን አሳየሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«ዕቃ ቤቴን አይጥ ጨርሶታል» አሉ። «ደግሞስ ስንቱን እየጮኸ ሲመጣ የተቀበልኩ ሴት፣ ይሄን ዝምተኛ ልፍራ?»

ከዕቃ ቤቱ ጀርባ፣ የእንጨቱ ክምር ሥር ትራስ ልብሱን ፈታሁ። አልቸኮለም። እንደ ባለቤት ቀስ ብሎ ገባ።

ስመለስ አከራያችን አሁንም በሩ ላይ ነበሩ።

«ሄደ?»

«ሄደ።»

አውራ ጣቴን ይዘው አገላብጠው አዩ። «በይ እንግዲያው ግቢ። ሽማግሌው ብቻውን ነው» አሉ።

አጎቴ በአራተኛው እርምጃ ላይ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሚስማር ይነቅላል። እኔም ተረኛውን ሶፋ ገልብጬ ጆንያውን ቀደድኩ። ጥጡን አንጥፌ ጨርቁን ከመስፋቴ በፊት ግን መዳፌን ጣል አድርጌ ጠበቅሁ።